ያገለገለ ፔዳል ስቲል ጊታር ልገዛ ነው፤ ሾ-በድ ማቬሪክ በ1,300 ዶላር ያዋጣል?

ተማሪው_አሌክሳንድሪያ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ በሠርግ ባንድ ቤዝ ጊታር ስጫወት ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አሁን ፔዳል ስቲል ልማር ቆርጫለሁ፤ ያ ተጋድሞ፣ ክሩ ላይ በሚንሸራተት ብረት (ባር)፣ በእግር ፔዳልና በጉልበት ሌቨር የሚጫወቱት ጊታር። አባቴ የዶን ዊሊያምስ ካሴት ነበረው፤ ክሩ እስኪላላ ሰምተነዋል። ከዘፋኙ ኋላ የሚንሳፈፈው ድምፅ ከምን እንደሚወጣ ያወቅኩት ግን እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ ነው።

አዲስ መግዛት አይታሰብም። ደህና የሚባለውን ባለ አንድ አንገት ከ4,000 ዶላር በላይ እየጠሩብኝ ነው። ያገለገለ ስፈልግ አንድ ሰዓት ተኩል በሚያስነዳ ከተማ ሾ-በድ ማቬሪክ አገኘሁ፦ የ1970ዎቹ ሥሪት፣ 10 ክር፣ 3 ፔዳል፣ 1 ኒ-ሌቨር (በጉልበት የሚገፋው)፣ ከነሻንጣው 1,300 ዶላር። ሻጩ «የአያቴ ነበር፣ እኔ አልጫወትም» ይላል። ፎቶው ያምራል፤ ስሙም ትልቅ ስም ነው። የምታውቁ ካላችሁ ልሂድና ልየው ወይስ ይቅርብኝ?

ካዛንቺስ_ልጅ

ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር፣ ሁለት ጉልበት አንድ ላይ የሚያሠራ ነገር? ወንድሜ ይሄ ስፌት መኪና እንጂ ጊታር አይደለም ሃሃሃ። ቤዝህን ይዘህ ተቀመጥ።

ናሽቪል_ማዶ

ተማሪው፣ በካሴቱ የሰማኸው በብዙዎቹ ላይ የስቲል ተጫዋቹ የሎይድ ግሪን እጅ ነው፤ ቤታችሁ ጥሩ ነገር ይሰማ ነበር ማለት ነው። ወደ ጥያቄህ ስመጣ፦ ለማየት ሂድ፣ ገንዘብ ይዘህ ግን አትሂድ።

ሾ-በድ ትልቅ ስም መሆኑ እውነት ነው። ስቲል ተጫዋቾቹ ሾት ጃክሰንና በዲ ኤመንስ እዚሁ ናሽቪል በ1950ዎቹ የጀመሩት ቤት ነው፤ ኤመንስ ኋላ ወጥቶ በ1960ዎቹ በስሙ የሚጠራው ፋብሪካ ሰሜን ካሮላይና በርሊንግተን ላይ ተከፈተ። «ፕሮፌሽናል»፣ «ፕሮ-1»፣ «ፕሮ-3» የሚባሉት ሾ-በዶች ዛሬም ሰው ይሻማባቸዋል። ማቬሪክ ግን የዚያው ቤት የተማሪ ሞዴል ነው፤ ጣጣውም ያለው በዚያች በአንዷ ኒ-ሌቨር ላይ ነው።

«ለጀማሪ አንድ ይበቃል» የሚልህ ሰው ሻጭ ነው። ናሽቪሎች የሚጫወቱበትን የኢ-9 ቅኝት ውሰድ። የመጀመሪያው ፔዳል 5ኛንና 10ኛን ክር ከቢ ወደ ሲ ሻርፕ ይስባል። ሁለተኛው 3ኛንና 6ኛን ከጂ ሻርፕ ወደ ኤ ያወጣል። ሦስተኛው 4ኛንና 5ኛን በአንድ ሙሉ ቶን ከፍ ያደርጋል። ከጉልበት በኩል ደግሞ ቢያንስ ሦስት ነገር ትፈልጋለህ፦ የ4ኛና የ8ኛ ክርን ኢ ወደ ኤፍ የሚያወጣ፣ እነዚያኑ ወደ ኢ ፍላት የሚያወርድ፣ 2ኛ ክርን የሚያወርድ።

አሁን ጂ ሜጀርን ፈልግ። ምንም ሳትረግጥ 3ኛ ፍሬት (ባሩ የሚቆምበት ምልክት) ላይ አለ። አንደኛውን ፔዳል ረግጠህ ወደ ኤፍ የሚያወጣውን ሌቨር ስትገፋ 6ኛ ፍሬት ላይ ታገኘዋለህ። አንደኛውንና ሁለተኛውን ፔዳል ስትረግጥ 10ኛ ላይ አለ። ዘፈን ሲሄድ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተንሸራተትክ ነው የምትጫወተው፤ ያ የምትወደው ድምፅ ይኸው ነው። ማቬሪክ ላይ ብዙውን ጊዜ ያለችው ሌቨር የምታወርደዋ ናት፤ ስለዚህ የ6ኛው ፍሬት መንገድ ተዘጋብህ ማለት ነው። የመማሪያ ቪዲዮ ከፍተህ ሰውዬው «አሁን በጉልበትህ ግፋ» ሲልህ የምትገፋው የለህም።

ሌቨር ላስጨምርበት ብትል ለባለሙያና ለዕቃ የምታወጣው ገንዘብ ሲደመር የተሻለ ጊታር ይገዛልሃል። 1,300 ለማቬሪክ ብዙ ነው።

ተማሪው_አሌክሳንድሪያ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ግን ሾ-በድ የሚለው ጽሑፍ ልቤን ወስዶታል...

ናሽቪል_ማዶ

ጽሑፉ ያለው ፊት ለፊት ነው፤ የሚያየው ተመልካቹ ነው፣ አንተ ከኋላ ነው የምትቀመጠው።

ሐና_ዳላስ

ሃሃ ጋሼ ይቺን ይጻፏትና እንለጥፋት።

ተማሪው፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው የምጫወተው። ሰው ሲያየኝ «ይሄ የካውቦይ ዕቃ መዝሙር ላይ ምን ይሠራል?» ይለኛል። ሃውስ ኦፍ ጎድ የሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ከ1930ዎቹ ጀምሮ ስቲልን የአምልኮ መሣሪያ አድርጎት የኖረ ነው፤ ስቲል ተጫዋቹ ሮበርት ራንዶልፍም የወጣው ከዚያ ነው። የሰማ ይስማ።

ወደ ግዢው። ያገለገለ ስቲል ስትገዛ ላዩን ለሚስትህ አሳይ፣ አንተ ገልብጠህ ሆዱን እይ። ሻጩ «ተው ትቧጨራለች» ካለ ብርድ ልብስ ከቤትህ ይዘህ ሂድ። ሲገለበጥ ከፔዳሉ ጀምሮ እስከ ቀኝ ጫፍ የሚሄዱ ቀጫጭን ዘንጎች ታያለህ፤ ፑል ሮድ ይባላሉ። እያንዳንዱ ዘንግ አንድ ክርን ይስባል ወይም ያላላል። የጎደለ ዘንግ፣ በሽቦ የታሰረ ነገር፣ የተጣመመ ካለ ልብ በል። ትንሽ የገጽ ዝገት አያስደንግጥህ፤ የተሰነጠቀ ዕቃ ነው የሚያስፈራው። በተለይ አሮጌ ሾ-በዶች ላይ በቅይጥ ብረት ቀልጠው የተሠሩ ክፍሎች በዕድሜ ይሰበራሉ፤ በልኩ የሚሠራልህ ሰው ፈልገህ ነው የምትተካው።

በቀኝ በኩል ክሮቹ የሚያልቁበት ክፍል ቼንጀር ነው፤ የመሣሪያው ልብ እሱ ነው። እያንዳንዱ ክር ክብ አናት ባላት ብረት ላይ ያርፋል፤ ጣት ይሏታል። የ40 ዓመት ዘይትና የልብስ ብናኝ ተጋግሮ ጣቶቹን ያንቃቸዋል። ፔዳል ረግጠህ ስትለቅ ክሩ ወደ ቦታው የማይመለስ ከሆነ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው፤ በላይተር ቤንዚን ታጥቦ ሊፈታ ስለሚችል ዋጋ ማስቀነሻ አድርገው እንጂ አትሽሽ። የጣቱ አናት ላይ ክሩ ቦይ ቆፍሮ ከሆነ ግን ይንጫጫብሃል፤ ያ ሌላ ወጪ ነው።

ቱነር (ቅኝት መለኪያ) ይዘህ ሂድ፣ ስልክህ ላይ ያለውም ይበቃል። 4ኛ ክርን ኢ ላይ አስተካክል፤ ከዚያ 4ኛን እየነካህ አንደኛውንና ሁለተኛውን ፔዳል አንድ ላይ ርገጥ። እነዚህ ፔዳሎች 4ኛን አይነኩም፤ ሆኖም ሣጥኑ በሚያርፍበት ኃይል ስለሚታጠፍ ትንሽ ይወርዳል። ጥቂት ሴንት (የግማሽ ቶን መቶኛ) ቢወርድ የተለመደ ነው። መርፌው ዘጭ ካለ ግን ስትጫወት ዕድሜ ልክህን ያበሳጭሃል፤ በማስተካከልም አይድንም።

ከዚያ እግሮቹን አንድ በአንድ አጥብቅ። የሚገቡበት ጥርስ ተበልቶ ከሆነ ጊታሩ ይወዛወዛል። ሌቨሮቹን ወደ ጎንም ወደ ላይም ነቅንቅ። ሻንጣው ኦሪጅናሉ መሆኑን እይ፤ እግሩም የፔዳል ዘንጉም ቦታ ቦታ አለውና ሌላ ሻንጣ ውስጥ አይገባልህም። ቁመትህንም አትርሳ፤ ረጅም ሰው ከሆንክ ጉልበትህ ሥሩ ላይገባ ይችላል፤ ቁጭ ብለህ ሞክር።

ክራር_በኤሌክትሪክ

በጣም ደስ የሚል ውይይት ነው። አንድ ጥያቄ፦ ይሄ መሣሪያ ለኛ ቅኝት ይሆናል ወይስ ለካንትሪ ብቻ ነው? ያለ ፍሬት የሚንሸራተት ነገር ስለሆነ ማሲንቆን ሊከተል የሚችል ይመስለኛል።

ናሽቪል_ማዶ

እንዴታ! ቁጭ ብለህ ስማኝ።

የኢ-9 ክሮች ከላይ ወደ ታች ኤፍ ሻርፕ፣ ዲ ሻርፕ፣ ጂ ሻርፕ፣ ኢ፣ ቢ፣ ጂ ሻርፕ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኢ፣ ዲ፣ ቢ ናቸው። የኢ ትዝታ ሜጀር ምን ትፈልጋለች? ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ ሻርፕ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ። አራቱ ባዶ ክር ላይ ተኝተዋል፤ አምስተኛዋን፣ ሲ ሻርፕን፣ አንደኛው ፔዳል ከቢ ስቦ ያመጣታል። እሷን ሳትጣደፍ በእግርህ ስታመጣት ዘፋኝ ጉሮሮው ላይ የሚያደርገውን ነገር ታደርግልሃለች። ባቲ ሜጀር ደግሞ ኢ፣ ጂ ሻርፕ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ ሻርፕ ትላለች፤ ኤን ሁለተኛው ፔዳል ይሰጥሃል፣ ዲ ሻርፕ 2ኛ ክር ላይ አለች። ባሩን ከቦታው ሳታነሳ ሁለት ቅኝት። ባሩን አንድ ፍሬት ስትገፋ ሁሉም ተያይዞ ይሄዳል፤ ዘፋኙ «ድምፄ አልደረሰም፣ ዝቅ አርጉልኝ» ሲል የማትሸበረው አንተ ብቻ ነህ።

ሁለት አንገት ያለው ዲ-10 ላይ ሁለተኛው አንገት ብዙ ጊዜ በሲ-6 ነው የሚቃኘው፦ ሲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። ዲ ብቻ ጨምርና ትዝታ ነች፤ አንዳንዱ ተጫዋች ላይኛዋን ክር ዲ ያደርጋታል።

ናይጄሪያዎቹ ቀድመውናል። የኪንግ ሰኒ አዴ ባንድ ጁጁ በሚባለው ሙዚቃቸው ውስጥ ፔዳል ስቲል ካስገባ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዴሞላ አዴፖጁ ነበር ተጫዋቹ። እኛ እስካሁን ኦርጋን ላይ ነን።

ክራር_በኤሌክትሪክ

ጋሼ አሁን እኔንም ወጪ ውስጥ ሊያስገቡኝ ነው።

ነጋዴው_አትላንታ

ተማሪው፣ እኔ ጋ ካርተር ስታርተር የሚባለው የጀማሪ ስቲል አለ። 3 ፔዳል 4 ሌቨር፣ ኢ-9፣ ሻንጣ አለው፣ ባርና ጥፍር (ጣት ላይ የሚጠለቀው መምቻ) እጨምርልሃለሁ። 900 ዶላር። መጥተህ ውሰድ፣ ወይ የመላኪያውን ቻል። ፎቶ በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ።

ሐና_ዳላስ

እኔም የጀመርኩት በካርተር ስታርተር ነው። ለመማር ምንም አይልም፤ ጋሼ የዘረዘሩት ሁሉ አለበት። ከሥሩ ፕላስቲክ ክፍሎች አሉበት፣ ኩባንያውም ሥራ ካቆመ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታልና የተሰበረ ነገር ካለ አስቀድመህ ጠይቅ። ሁለት ሦስት ዓመት ተምረህበት በገዛህበት ዋጋ መልሰህ ትሸጠዋለህ፤ ሁልጊዜ ፈላጊ አለው። 900 ግን ቆንጠጥ ያደርጋል ወንድሜ።

ነጋዴው_አትላንታ

እህቴ፣ አሁን የሁሉ ዋጋ ጨምሯል እኮ። ይሄ ንጹሕ ነው፣ ከቤት አልወጣም።

ተማሪው_አሌክሳንድሪያ

750 ብልህስ? መላኪያውን እኔ እችላለሁ።

ነጋዴው_አትላንታ

850፣ የመጨረሻ። ለሀገር ልጅ ብዬ ነው።

ካዛንቺስ_ልጅ

መድረኩ መርካቶ ሆነ። ደላላው እኔ ነኝ፣ ኮሚሽኔን አትርሱ።

ተማሪው_አሌክሳንድሪያ

እሑድ ማቬሪኩን አይቼ ልመለስና እነግርሃለሁ።

ሲያትል_ዝናብ

እስከዚያው አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው እየተበላ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ኤመንስ ፑሽ-ፑል ዲ-10፣ 8 ፔዳል፣ በ1,500 ዶላር ተለጥፎ አየሁ። የዚህ ዓይነቱ ስንት እንደሚያወጣ የሚያውቅ ሰው በ1,500 እንደማይሸጠው ያውቃል። የሻጩ ታሪክ «ባለቤቴ ሞቶ ነው፣ ዋጋው አያሳስበኝም፣ ለሚወደው ሰው እንዲደርስ ብቻ ነው የምፈልገው» የሚል ነው። ፎቶውን ገልብጬ ስፈልገው ከዓመታት በፊት በተሸጠ ጊታር ማስታወቂያ ላይ ያለው ፎቶ ሆኖ ተገኘ። «በዜል (በባንክ ገንዘብ መላኪያው) ቀብድ ላክልኝ፣ ብዙ ሰው ጠይቆኛል» አለችኝ፣ ወይም አለኝ።

በዜል የላክኸው ገንዘብ አይመለስም። ፔይፓልም ቢሆን ለወዳጅ ዘመድ በሚለው ከላክህ ዋስትና የለህም፤ ለዕቃና አገልግሎት በሚለው ይሁን። ሻጩን «የዛሬ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ከሥሩ ፔዳሎቹ ጎን አስቀምጠህ ፎቶ አንሳልኝ» በለው። እውነተኛ ሻጭ ይስቅብህና ያነሳልሃል። ሌባው ጊታሩ የለውምና ምክንያት ይደረድርልሃል። ከዚያ ይልቅ በቪዲዮ ደውሎ እያንዳንዱን ፔዳል እየረገጠ ቢያሳይህ ሁለቱንም ጉዳይ ባንዴ ትጨርሳለህ። በአካል ከሆነ ብዙ ፖሊስ ጣቢያዎች ለመገበያያ ብለው ካሜራ ያለው ቦታ አዘጋጅተዋል፤ ችግሩ ስቲል መኪና ማቆሚያ ላይ ተዘርግቶ የሚፈተሽ ዕቃ አይደለም።

አዲስ_ስቱዲዮ

ከአዲስ አበባ ሰላም። እኔም አንድ እፈልግ ነበር። የሚመጣ ሰው ላስይዘው ብል ክብደቱ እንዴት ነው? እዚህ ክሩስ ይገኛል?

ሐና_ዳላስ

ዲ-10 ለሰው አታስይዝ፤ ከነሻንጣው 70 ፓውንድ የሚጠጋ አለ፣ የሚያልፍም አለ። ወዳጅነታችሁ ያበቃል። ባለ አንድ አንገቱ ኤስ-10 ይሻልሃል። ቀለል ያለውን ካገኘህ እግሮቹንና ፔዳሎቹን በሌላ ሻንጣ ከፍሎ 23 ኪሎ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ሻንጣውን ግን ለአውሮፕላን አትመነው፤ ከውጭ በካርቶን፣ በመሀል በስፖንጅ።

ክር፦ ስብስቡን ከዚህ ነው የምታስመጣው። ቶሎ ቶሎ የምትበጠሰው ግን 3ኛዋ ናት፤ እሷ ተራ የኤሌክትሪክ ጊታር 0.011 ናት፣ እዚያ ሱቅ የምትሸጠዋ ራሷ ትገባለች። 5ኛዋም 0.017 ባዶ ሽቦ ናት። የተጠቀለሉት ብዙ ይቆያሉ።

ናሽቪል_ማዶ

አምፑንም ጠይቅ። የዚህ አገር አምፕ በ120 ቮልት ነው የሚሠራው፤ እዚያ ስትሰካው ጭስ ነው። ጊታሩን ብቻ አስመጣና አምፑን እዚያ ግዛ። ብዙ ድምፅ ሳይሰነጠቅ የሚያወጣ፣ ንጹሕ የሆነ፣ ለኪቦርድ የሚሆንም ቢሆን ይሠራል። እዚህ ያላችሁት ግን ያገለገለ ፒቪ ናሽቪል 112 ካገኛችሁ አትለፉት፤ 80 ዋት ነው፣ በአንድ እጅ ይነሣል። የድሮዎቹ ሴሽን 400ዎች ድምፃቸው ድንቅ ነው፣ ሲሸከሙት ግን የወገብ ሐኪም አብሮ ይግዛ።

ተማሪው_አሌክሳንድሪያ

ደርሼ መጣሁ። ሻጩ ጨዋ ሰው ነው፣ ቡና አፍልቶ ነው የጠበቀኝ። ገልብጬ እንዳየው ራሱ ብርድ ልብስ አነጠፈልኝ።

ማቬሪኩ እንዲህ ነው፦ ከላይ የእንጨት የሚመስለው ነገር እንጨት አይደለም፣ የተለጠፈ ሽፋን ነው፤ ጠርዙ ላይ ተልጧል። ሁለተኛው ፔዳል ተረግጦ ሲለቀቅ 6ኛ ክር በቀስታ ነው የሚመለሰው፣ ሙሉ በሙሉም አይመለስም። 4ኛን በቱነር ሳየው ፔዳሎቹን ስረግጥ በደንብ ወረደ። አንዱ እግር ይሽከረከራል እንጂ አይጠብቅም። ያለችው አንዷ ሌቨር ጋሼ እንዳሉት የምታወርደዋ ናት።

600 ልሰጠው እንደምችል ነገርኩት። አልተቆጣም፣ «አያቴ ቢሰማህ...» ብሎ ሳቀ። 1,000 ድረስ ወርዷል። ትቼው መጣሁ።

አትላንታ፣ 850 ተስማምቻለሁ። እንዴት እንላላክ?

ነጋዴው_አትላንታ

ወንድሜ ይቅርታ፣ ትናንት ማታ አንድ ሰው በ850 ወሰደው። እሑድ እነግርሃለሁ ስትል እርግጠኛ አልመሰልከኝም።

ተማሪው_አሌክሳንድሪያ

እሺ። ግን አንድ መልእክት ብትልክልኝ ምን ነበረበት?

ክራር_በኤሌክትሪክ

...እኔ ነኝ የወሰድኩት። ተማሪው አትቀየመኝ፤ ጋሼ ናቸው ባቲን በሁለተኛው ፔዳል ብለው ያሳበዱኝ።

ካዛንቺስ_ልጅ

ዋይ! ይሄ ውይይት በመጽሐፍ መታተም አለበት።

ናሽቪል_ማዶ

ተማሪው፣ አትናደድ፣ ለአንተ የሚሻል ነገር አለ። የማውቀው አንድ ሽማግሌ ተጫዋች ምሥራቅ ቴነሲ ውስጥ አለ፤ ጉልበቱን ስለታመመ ሊሸጥ ነው። ኤም ኤስ ኤ ክላሲክ፣ ኤስ-10፣ የ1970ዎቹ፣ 3 ፔዳል 4 ሌቨር። 1,900 ብሏል፤ ቮልዩም ፔዳሉንና ወንበሩን ይጨምራል። ኤም ኤስ ኤ ከባድ ነው፣ ግን አይሰበርም። እኔ ራሴ ከአንድም ሁለት ጊዜ ቼንጀሩን አጥቤለታለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አስቀድመህ ዕወቅ፦ ጊታሩ በዴይ አቀማመጥ ነው። ብዙው ሰው የሚጫወተው በኤመንስ አቀማመጥ ነው፣ ፔዳሎቹ ከግራ ኤ፣ ቢ፣ ሲ (አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ያልኩህ)። ተጫዋቹ ጂሚ ዴይ ደግሞ ገልብጦ ሲ፣ ቢ፣ ኤ አድርጎ ነው የተጫወተው፤ የግራ ጉልበቱ ሌቨሮችም በዚያው ይገለበጣሉ። ድምፁ አንድ ነው፤ የሚለየው ቁርጭምጭሚትህ የሚዞርበት አቅጣጫ ነው። ለዓመታት በኤመንስ የተጫወተ ሰው ይሄን ጊታር አይገዛውም፤ ለዚህ ነው ዋጋው ዝቅ ያለው። አንተ ገና ጀማሪ ስለሆንክ ምንም አይጎዳህም። ችግሩ ሌላ ሰው ጊታር ላይ ልሞክር ስትል ነው፤ እግርህ ይጠፋብሃል። ዘንጎቹን አዘዋውሮ ወደ ኤመንስ መመለስም ይቻላል፣ አንድ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው።

ሐና_ዳላስ

ኤም ኤስ ኤ የኛ ከተማ ሥራ ነው! ዳላስ ነው የተሠራው። ቀልድ አይደለም፣ እዚህ ቤት ለቤት ሲሸጥ አይቼ የማውቀው ከ1,500 ጀምሮ ነው፤ 1,900 ከነቮልዩም ፔዳሉ አይበዛም፣ ትንሽ ግን ተከራከር። ቮልዩም ፔዳሉን ስታየው ቀስ ብለህ ከታች ወደ ላይ ርገጠው፤ ቻር ቻር የሚል ድምፅ ካለው ውስጡ ያለው ፖት (የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያው) አልቋል። ርካሽ ዕቃ ነው፣ ይቀየራል፣ 30 ወይም 40 ዶላር ግን ያስቀንስልሃል።

ተማሪው_አሌክሳንድሪያ

ጋሼ፣ ሰውዬው እንዲልከው ልጠይቀው ወይስ ልንዳ?

ናሽቪል_ማዶ

ንዳ። ልጄ፣ ይሄን ዕቃ የሚያውቅ ሰው ነው ማሸግ ያለበት፤ እሱ ጉልበቱን የታመመ ሽማግሌ ነው። ፖስታ ቤት ከ70 ፓውንድ በላይ አይቀበልም፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ነገር ግን ሣጥን ውስጥ ሲወድቅ የሚሰበረው የእንጨቱ ጥግ ሳይሆን የክር መቃኛው አንገት ነው። ኢንሹራንስ ቢገባም «አስተሻሸጉ በቂ አልነበረም» ተብሎ ካሳው የሚቀርበት ሰው ሞልቷል። ደግሞ ቁጭ አድርጎ ያሳይሃል። 60 ዓመት ከተጫወተ ሰው ጋ አንድ ከሰዓት መቀመጥ በዩቲዩብ አታገኘውም።

ስትሄድ ጥሬ ገንዘብ ያዝ፣ ሁለት ቦታ ከፋፍለህ። 1,650 በአንዱ ኪስ፣ ቀሪው በሌላው። 1,650 ብለህ ጀምር።

ተማሪው_አሌክሳንድሪያ

ገዛሁ!!!

1,650 ስለው ዝም ብሎ አየኝና «ጓደኛህ እንዲህ በል ብሎህ ነው አይደል?» አለኝ። ጋሼ፣ ያውቁዎታል ማለት ነው። በ1,750 ተስማማን፤ ባር፣ ጥፍር፣ ሁለት ስብስብ ክርና በእጁ የጻፈው የቅኝት ወረቀት ጨመረልኝ። ገልብጬ አየሁት፣ ሆዱ ከላዩ ይበልጥ ንጹሕ ነው። 4ኛ ክር በቱነር ላይ በጭንቅ ነው የተነቃነቀው። ቮልዩም ፔዳሉ ቻር ይላል፣ እሱን ሳልናገረው ራሱ ነገረኝ።

እንድጫወትለት ሲጠይቀኝ ቤዝ ተጫዋች መሆኔን ነገርኩት። ባሩን አስይዞኝ ከባሩ ኋላ ያሉትን ጣቶቼን ተጋድመው እንዲተኙ አደረጋቸው፤ ካልተኙ ከባሩ በስተግራ ያለው ክር ይንጫጫል። በአንድ ጣት የትዝታን መግቢያ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም፣ እሱ ግን ሰምቶ ወዲያው ተከተለኝ። በየት አገር እንደሚዘፈን ጠየቀኝ።

አሁን ቤት ነው ያለው። አንድ ችግር፦ 3ኛ ክር ትናንት ተበጠሰ፣ ቀየርኩት፣ ዛሬም ተበጠሰ። እዚያው ቦታ፣ ቼንጀሩ ላይ። የተሸወድኩት ነገር አለ?

ሐና_ዳላስ

እንኳን ደስ ያለህ! አልተሸወድክም። 3ኛ 0.011 ሆና ወደ ጂ ሻርፕ ትቃኛለች፣ ከዚያ ፔዳሉ ወደ ኤ ይስባታል፤ ሁሉም ሰው ጋ የምትበጠሰው እሷ ናት። ግን እዚያው አንድ ቦታ ከሆነ የጣቱ አናት ላይ የተነሣ ሻካራ ነገር አለ። ክሩን አውልቅና በጥፍርህ ዳብሰው። ሻካራ ከሆነ በጣም ደቃቅ በሆነ የአሸዋ ወረቀት፣ 1,500 ቁጥር ወይም ከዚያ የደቀቀ፣ ክሩ በሚሄድበት አቅጣጫ ትንሽ ብቻ ሽርሽር አድርገው። ወደ ጎን አታሽ።

ናሽቪል_ማዶ

ስትቃኝም ፔዳሉ ተረግጦ እንዳይሆን ተጠንቀቅ። ሳታውቀው ሁለተኛውን እየረገጥክ ጂ ሻርፕን ብትቃኝ፣ ስትለቅ ዝቅ ብሎ ታገኘዋለህ። መጀመሪያ ባዶ ክሩን በራሱ መቃኛ፤ ከዚያ ፔዳሉን ረግጠህ በቀኝ ጫፍ ባለችው ናይለን ዳዶ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጥ። 0.011 ክር ለብቻው በደርዘን ይሸጣል፣ አንድ ደርዘን ግዛ።

ክራር_በኤሌክትሪክ

የኔ ካርተርም ደርሷል። በጥያቄ ላስቸግራችሁ ነው፦ 8ኛ ክር ኢ ፍላት ላይ አይወርድም፣ ሌቨሩ ግን ይንቀሳቀሳል። ዘንጉ ወልቆ ይሆን?

ናሽቪል_ማዶ

ገልብጠህ ፎቶ አንሣና ለጥፍልን።

ካዛንቺስ_ልጅ

ተማሪው፣ በነገራችን ላይ... ያ ማቬሪክ 1,000 ነው ያልከው? ሰውዬው አሁንም አለው? ለጓደኛዬ ነው የምጠይቀው።